የጤፍ ፊደል ቆጠራ

ከሾላ ገበያ እንነሳ

ሾላ ገበያ፣ እህል ተራ ቁሙ። ማኛው፣ ነጩ፣ ሰርገኛው፣ ቀዩ በየጆንያው ተደርድሯል። አንዲት እናት ጎንበስ ብለው እፍኝ ያነሳሉ፤ በመዳፋቸው አሸት አሸት አድርገው እፍ ይላሉ። «ይሄ ውሃ ያነሳል» ብለው ወደ አንዱ ጆንያ ያመለክታሉ። ሌላውን ሳይጠይቁት ያልፉታል። እኚህ እናት ላቦራቶሪ ገብተው አያውቁም፤ ፍርዳቸው ግን ከልምድ የመጣ ስለሆነ ብዙ ጊዜ አይስትም።

እኛ ደግሞ አንድ ጥያቄ እንጨምር። ማኛውን ማኛ፣ ቀዩን ቀይ ያደረገው ነገር ፍሬው ውስጥ የት ነው የተጻፈው? አንድ ግራም ጤፍ ወደ 3 ሺህ የሚጠጋ ፍሬ አለው። ይህችን በዓይን ለማየት የምታስቸግር ፍሬ ከፍቶ የሚያነብ ሳይንስ ጂኖሚክስ ይባላል። ከንባቡ የሚወጣውን የመረጃ ክምር በኮምፒውተር አስልቶና አመሳክሮ መልክ የሚያስይዘው ደግሞ ባዮኢንፎርማቲክስ ነው።

የአብነት ትምህርት ቤትን ሥርዓት አስቡ። ልጅ በፊደል ቆጠራ ይጀምራል፣ ወደ ንባብ ይሻገራል፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ትርጓሜ ቤት ይደርሳል። ፊደል የቆጠረ ሁሉ አንባቢ አይደለም፤ ያነበበም ሁሉ ተርጓሚ አይሆንም። ዛሬ የጤፍን ጂኖም በዚሁ መንገድ እንሄድበታለን። (ዓመተ ምሕረቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

አራት ፊደል፣ 622 ጥራዝ

ዲኤንኤ ያሉት ፊደሎች አራት ብቻ ናቸው። በሳይንሱ ኤ፣ ሲ፣ ጂ እና ቲ ይባላሉ፤ እኛ ለሰሌዳችን እንዲመች አ፣ ሰ፣ ገ፣ ተ ብለን እንጻፋቸው። የአንድ ተክል ፊደሎች ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሲደረደሩ ጂኖም ይሆናሉ። ከመካከላቸው ለሴሉ አንድ የሥራ ትእዛዝ የያዘው አንቀጽ ጂን ነው።

በ2020 በታተመው ጥናት ግምት የጤፍ ጂኖም ወደ 622 ሚሊዮን ፊደል ይደርሳል። ሒሳቡን አብረን እንሥራ። አንድ ገጽ 2 ሺህ ፊደል ቢይዝ 311 ሺህ ገጽ ያስፈልገናል። ባለ 500 ገጽ መጽሐፍ ብናስጠርዘው 622 ጥራዝ ይወጣዋል። ይህ ሁሉ በአንዲት የጤፍ ፍሬ እያንዳንዱ ሴል ውስጥ አለ።

ጤፍ ሌላም ጣጣ አለበት። በጥንት ዘመን ከሁለት የተለያዩ የሣር ዓይነቶች መዋሐድ የተገኘ ተክል ነው። ከ40 ክሮሞዞሞቹ 20ው ከአንዱ ወላጅ፣ 20ው ከሌላው የመጡ ናቸው። ስለዚህ ለብዙው ጂን እርስ በርስ የሚመሳሰል ግን አንድ ያልሆነ መንትያ አለው። ይህ መንትያነት አንባቢውን እንዴት እንደሚያሳስት ትንሽ ቆይተን እናያለን።

የካ ያለው ቀዝቃዛ ክፍል

የሚነበበው ዘር ከየት ይመጣል? የሾላ ገበያ ባለበት በአዲስ አበባ የየካ ክፍለ ከተማ የኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት አለ። ጅማሬው በ1976 የተቋቋመው የዕፅዋት ጀነቲክ ሀብት ማዕከል ነው። ዛሬ በጂን ባንኩ ከ80 ሺህ በላይ የዘር ናሙናዎች ተቀምጠዋል። ዘሩ እርጥበቱ እስኪወርድ ይደርቃል፣ በእሽግ ይታሸጋል፣ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ በሆነ ክፍል ይቀመጣል። እንዲህ ሲሆን ለበርካታ ዐሥርት ዓመታት የመብቀል ኃይሉን ይጠብቃል።

ማዕከሉን ለረጅም ጊዜ የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተዋል። የእሳቸው አቋም ግልጽ ነበር፤ ዘር በማቀዝቀዣ ብቻ አይጠበቅም፣ በገበሬው ማሳም በየዓመቱ እየተዘራ መኖር አለበት። ከእሳቸው ብዙ ቀደም ብሎ፣ በ1927፣ ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ አገራችንን ዞሮ ዘር ሰብስቦ ነበር፤ ኢትዮጵያንም ከዓለም ታላላቅ የሰብል ብዝኃነት ማዕከሎች አንዷ አድርጎ ቆጥሯታል።

እያንዳንዱ እሽግ መታወቂያ አለው፤ የተሰበሰበበት ወረዳ፣ የቦታው ከፍታ፣ ቀኑ ይጻፍበታል። መታወቂያው ግን ድርቅ ይችል እንደሆነ፣ ዋግ ይመታው እንደሆነ አይነግረንም። በሺዎች የሚቆጠረውን ሁሉ እየዘሩ መፈተሽ ደግሞ ዕድሜም መሬትም አይበቃውም። ጂኖም ማንበብ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ ከክምሩ ውስጥ መጀመሪያ የትኛውን አውጥቶ መዝራት እንደሚገባ ያመለክታል።

ማሽኑ እንዴት ያነባል?

ቅጠል ይፈጫል፣ ዲኤንኤው በኬሚካል ተለይቶ ይወጣል፣ ወደ ማሽን ይገባል። ማሽኑ ግን መጽሐፉን ከገጽ 1 ጀምሮ አያነብም። የሚያነበው የተቆራረጠ ቅዳጅ ነው። የአንድ መጽሐፍ ብዙ ቅጂ ተቀዳዶ አንድ ጆንያ ውስጥ የተደባለቀ ይመስል፣ ቅዳጁን እየገጠሙ መጽሐፉን መልሶ መሥራት የኮምፒውተሩ ድርሻ ነው።

እንሞክረው። ሦስት ቅዳጅ አገኘን እንበል፦

«የሾላ ገበያ ጤፍ»
«ገበያ ጤፍ ከጎ»
«ጤፍ ከጎጃም መጣ»

የሚደራረበውን ክፍል ካያያዛችሁ «የሾላ ገበያ ጤፍ ከጎጃም መጣ» የሚል ዓረፍተ ነገር ታገኛላችሁ። ቀላል ነበር። አሁን ጆንያው ውስጥ «ጤፍ ከጎንደር መጣ» የሚል አራተኛ ቅዳጅ ቢገኝስ? «ገበያ ጤፍ ከጎ» የሚለው ለጎጃምም ለጎንደርም ይገጥማል። የጤፍ መንትያ ጂኖች ያመጡት ችግር ይኸው ነው፤ ቅዳጁ አጭር ከሆነ ከየትኛው ወላጅ እንደመጣ አይለይም።

የመጀመሪያው የጤፍ ጂኖም በ2014 ሲታተም ንባቡ ረቂቅ ነበር። ሥራው የተመራው በስዊዘርላንድ በርን ዩኒቨርሲቲ በሚሠሩት ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ በዶክተር ዘሪሁን ታደለ ቡድን ሲሆን፣ የተነበበው ፀደይ የተባለው ዝርያ ነው። በ2020 ዳቢ የተባለው ዝርያ ረጅም ቅዳጅ በሚያነብ ማሽን ተነበበ። ቅዳጁ ሲረዝም «ጎጃም» ወይም «ጎንደር» እስከሚለው ድረስ አንድ ላይ ይነበባልና የሁለቱ ወላጆች ጽሑፍ ተለያየ። ወደ 68 ሺህ ጂኖችም ተለዩ። ፊደል ቆጠራውና ንባቡ በዚህ ደረጃ ላይ ናቸው። ትርጓሜው ገና ነው።

የገልባጭ ስሕተትና የቁመት ምስጢር

ብራና የሚገለብጥ ጸሐፊ አንዳንዴ አንድ ፊደል ይስታል። ከዚያ ቅጂ የሚገለብጡ ሁሉ ስሕተቱን ይወርሳሉ። የጥንት ጽሑፍ ሊቃውንት በእነዚህ የፊደል ልዩነቶች የትኛው ቅጂ ከየትኛው እንደተወለደ ይለያሉ። በዘር ላይም እንዲሁ ነው። አንዱ ጤፍ በአንድ ቦታ አ ሲኖረው ሌላው ገ ይኖረዋል። ብዙዎቹ ልዩነቶች ምንም አይጎዱም፣ ምንም አይጠቅሙም። ጥቂቶቹ ግን ቁመት፣ ቀለም ወይም የመድረሻ ጊዜ ይለውጣሉ። የትኞቹ ናቸው?

ለክፍላችን ብቻ የፈጠርኩትን ምሳሌ ውሰዱ። 10 የጤፍ ዓይነት ዘርተን ቁመታቸውን ለካን። በአንድ የጂኖም ቦታ አ ያላቸው 5ቱ በአማካይ 115 ሳንቲ ሜትር፣ ገ ያላቸው 5ቱ 95 ሳንቲ ሜትር ሆኑ። ገ ጤፉን ያሳጥራል ማለት ነው? ጤፍ አጭርና ጠንካራ አገዳ ቢኖረው ፍሬው ሲከብደው አይጋሽብም ነበር፤ መጋሸብ ደግሞ የጤፍ ዋና ጠላት ነው። ስለዚህ «አገኘነው!» ብለን መጮህ ያምረናል።

ቆዩ። ገ ያላቸው 5ቱም ከአንድ ወረዳ የመጡ ዘመዳማቾች ቢሆኑስ? አብረው የወረሱት ሌላ ሺህ ፊደል አለ፤ ያሳጠራቸው ከዚያ አንዱ ሊሆን ይችላል። ባዮኢንፎርማቲክስ ያስፈለገው አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ዝምድናውን አስልቶ ይቀንሳል፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ቦታዎችን አንድ በአንድ ይፈትሻል፣ በአጋጣሚ የተገጣጠመውን ከእውነተኛው ይለያል። በ10 ዓይነት የማይሆነው ይሄ ነው፤ መቶዎች ያስፈልጋሉ።

ገበሬው እንደ መለኪያ

እስካሁን የለካነው ቁመት ነው። ገበሬው ግን እህል ሲመርጥ በሜትር አይመርጥም። ጭዱ ለበሬ ይጥማል ወይ? እንጀራው ያድራል ወይ? ገበያ ያወጣል ወይ? ይህን ሁሉ ባንድ እይታ ይመዝናል። ያንን እይታ ከጂኖም ጋር ማገናኘት ይቻላል?

ተሞክሯል። ከጂን ባንኩ የወጡ የአገር ቤት የማካሮኒ ስንዴ ዓይነቶች የሚበዙባቸው 400 ዓይነቶች በሁለት ቦታ ተዘሩ፤ አንዱ በትግራይ ሐገረ ሰላም፣ ሌላው በሰሜን ወሎ መቄት ውስጥ ገረገራ። 30 ወንድና 30 ሴት ገበሬዎች በየመደቡ እየዞሩ ለዛላው፣ ለቁጥቋጦው፣ ለመድረሻ ጊዜውና ለጠቅላላ ሁኔታው ነጥብ ሰጡ። 400 ዓይነት በ60 ሰው፣ በአራት መመዘኛ፣ እያንዳንዱ ዓይነት ሁለት ጊዜ ተዘርቶ፦ ጠቅላላው 192 ሺህ ነጥብ ይሆናል። ነጥቦቹ ዝብርቅርቅ አልነበሩም። ከዲኤንኤው ጋር ሲመሳከሩ በጂኖሙ ላይ የተወሰኑ ቦታዎችን አመለከቱ። እነዚያ ቦታዎች ተመራማሪዎቹ በሜትርና በሚዛን ካገኟቸው ጋር የተደራረቡት በከፊል ነው። ማለትም ገበሬው መሣሪያው ያላየውን ያያል፤ ያየውም በዘር የሚወረስ ነገር ነው።

ጤፍም ተራው ደርሶት ነበር። 366 ዓይነት በአዴትና በአቃቂ ተዘርቶ ሴትና ወንድ ገበሬዎች ነጥብ ሰጡበት፣ ዲኤንኤውም ተነበበ፤ ውጤቱ በ2022 ታተመ። የሾላዋን እናት «ይሄ ውሃ ያነሳል» የሚል ፍርድ አሁን በሌላ ዓይን እዩት፤ ትርጓሜ ቤቱ የሚጀምረው ከእሳቸው መዳፍ ነው።

ለአዳቃዩ ምን ይጨምርለታል?

በ2006 በደብረ ዘይት የምርምር ማዕከል የወጣውን ቁንጮ ጤፍ ታውቁታላችሁ። ወላጆቹ ምርታማው ዱከምና ነጩ ማኛ ናቸው። ጤፍን ማዳቀል ራሱ ትልቅ ጥበብ ነው፤ አበባው ኢምንት ነው፣ የሚከፈተውም ማለዳ ለአጭር ጊዜ ነው። አዳቃዩ አጉሊ መነጽር ይዞ ጎህ ሲቀድ መድረስ አለበት። ከተዳቀለ በኋላ ልጆቹን እየዘሩ፣ የማይሆነውን እየጣሉ፣ ዓመታት ይቆጠራሉ።

የጂን ምልክት ሲታወቅ አዳቃዩ ችግኙን ገና በቅጠሉ ይፈትሻል። የነጭነትን ጂን ያልወረሰውን ፍሬ እስኪያፈራ አይጠብቀውም። ማዳቀሉ አይቀርም፣ ማሳውም አይቀርም፤ የሚያጥረው ባዶ ጥበቃው ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይደናገራል። ይህ የዘረመል ምህንድስና አይደለም። ጂኖም አንብቦ መምረጥ የገበሬውን ምርጫ ማፋጠን ነው፤ ከውጭ ጂን አስገብቶ ተክል መለወጥ ሌላ ሥራ ነው፣ እሱን የሚመለከት የደኅንነተ ሕይወት አዋጅም በ2009 ወጥቶ በ2015 ተሻሽሏል።

ለላምም ይሠራል

ከየካ ብዙም ሳንርቅ ጉርድ ሾላ የዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም፣ በአጭር ስሙ የኢልሪ ግቢ አለ። ግቢው በ1974 ለአፍሪካ የእንስሳት ሀብት ማዕከል የተመሠረተ ሲሆን፣ በ1994 ማዕከሉ ናይሮቢ ከነበረው የእንስሳት በሽታ ምርምር ተቋም ጋር ተዋሕዶ ኢልሪ ሆነ።

ኮርማ ወተት አይሰጥም። ጥሩ መሆኑን ለማወቅ ልጆቹ አድገው፣ ወልደው፣ እስኪታለቡ መጠበቅ ግድ ነበር። አሁን ግን የብዙ ላሞች የወተት መዝገብና ዲኤንኤ ካለ፣ ኮምፒውተሩ ሁለቱን አገናኝቶ የጥጃውን ዋጋ በጥጃነቱ ይገምታል። ልብ በሉ፣ «የወተት መዝገብ ካለ» ነው ያልኩት። ሁለት ላም ያለው ገበሬ መዝገብ የለውም። ስለዚህ በኢትዮጵያም በሌሎች የአፍሪካ አገሮችም የተጀመሩት ሥራዎች ትልቁ ድካም ዲኤንኤ ማንበቡ ሳይሆን የየቀኑን ወተት ከየበረቱ መመዝገቡ ነው። በመንዝም ከ2009 ጀምሮ የበግ አርቢዎች ተሰብስበው የሚያራባውን አውራ በጋራ መምረጥ ይዘዋል፤ መዝገብ የሚጀመረው እንዲህ ካለ ጉባኤ ነው።

ሻንጣ ውስጥ ያለ ላቦራቶሪ

በ2010 ቢጫ ዋግ የስንዴ ማሳችንን መታ። በብዛት የተዘራው ኩብሳ የተባለው ዝርያ መቋቋም አቃተው። ገበሬው ወደ ዲገሉ ዞረ፤ ዲገሉ ቢጫ ዋግን ይችል ነበር። በ2013 ደግሞ ዲገሉን የሚያሸንፍ ግንድ ዋግ በአርሲና በባሌ ተነሳ። ዋግ ፈንገስ ነው፤ እሱም ጂኖም አለው፣ እሱም ይለወጣል።

የዋጉን ዓይነት ለማወቅ ናሙና ወደ ውጭ ይላክና ወራት ይጠበቅ ነበር። ወራት ለዋግ ብዙ ነው። የእንግሊዙ ጆን ኢነስ ማዕከል፣ የኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩትና ዓለም አቀፉ የበቆሎና የስንዴ ምርምር ማዕከል (ሲሚት) በጋራ የሠሩት ማርፕል የተባለ ዘዴ በ2018 ሆለታ ላይ ተሞከረ። ዕቃው በሻንጣ ይያዛል፤ ማንበቢያው ማሽን ከመዳፍ አይበልጥም። ዘዴው የቢጫ ዋግን ጂኖም ሁሉ አያነብም፤ አንዱን ዝርያ ከሌላው የሚለዩ 242 ጂኖችን ብቻ መርጦ ያነባል። በዚህም ውጤቱ በ48 ሰዓት ይደርሳል። የባዮኢንፎርማቲክስ ብልኀት እዚህ ላይ አይታያችሁም? መጽሐፉን በሙሉ ካነበቡ በኋላ የትኞቹ ገጾች እንደሚበቁ ማወቅ።

ፊደሉ የማን ነው?

በ1937 እና 1938 አንድ የጀርመን ቡድን ከኢትዮጵያ ገብስ ሰብስቦ ሄደ። ከዚያ ገብስ ውስጥ ቅጠልን ዱቄት የተነሰነሰበት የሚያስመስለውን በሽታ የሚቋቋም ጂን ተገኘ። ዛሬ በርካታ የአውሮፓ ገብሶች ይህን ጂን ይዘዋል። ዘሩን ለትውልድ ትውልድ የመረጠው ገበሬ ስሙ የትም አልተጻፈም።

በ2005 አገራችን አንድ የኔዘርላንድስ ኩባንያ በጤፍ እንዲጠቀም ስምምነት ፈረመች። ኩባንያው ግን ስለ ጤፍ ዱቄት የባለቤትነት መብት አስመዝግቦ ነበር፤ ጥቅም የማካፈሉ ነገር ምንም ሳያፈራ በ2009 ከሰረ። ያ መብት ኔዘርላንድስ ውስጥ የተሻረው በ2018 በሄግ ፍርድ ቤት ነው። በመካከሉ በ2006 ኢትዮጵያ ስለ ጀነቲክ ሀብትና ስለ ማኅበረሰብ ዕውቀት አዋጅ ቁጥር 482ን አውጥታለች።

አዋጁ በተለይ የታሰበው ዘር በከረጢት ሲወጣ ነው። ጂኖም ግን ከረጢት አይፈልግም። አንዴ ከተነበበ በኢንተርኔት ያለ ፋይል ነው፤ አንድም ፍሬ ድንበር ሳይሻገር ሊጠቀሙበት ይቻላል። በ2024 በኮሎምቢያ ካሊ የተሰበሰቡ አገሮች ከእንዲህ ያለ መረጃ የሚያተርፉ ኩባንያዎች ገንዘብ የሚያዋጡበት ፈንድ እንዲቋቋም ተስማሙ፤ መዋጮው ግን ግዴታ አይደለም። ስለዚህ ዋናው መከላከያ ፋይሉን መደበቅ አይመስለኝም። ፋይሉ ሲከፈት ከማንም ቀድሞ የሚተረጉመው ልጅ እዚህ መኖሩ ነው። የገበሬውን ነጥብ፣ የወረዳውን ዝናብ፣ የእንጀራውን ነገር የሚያውቅ እሱ ነውና።

ከእንጦጦ የምንማረው

ከክፍላችን መስኮት ቀና ብትሉ እንጦጦ ይታያችኋል። ዳገቱን የሸፈነው በአብዛኛው ባሕር ዛፍ ነው፤ በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1890ዎቹ፣ ከአውስትራሊያ የመጣ። ያን ጊዜ አዲሲቱ ከተማ ማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት አጥታ ነበር። ባሕር ዛፍ ቶሎ አድጎ ችግሯን ፈታላት። ችግሩን የፈታው ግን ብቻውን ዳገቱን ወረሰ፤ ዛሬ አገር በቀሉን ጥድ ፈልጋችሁ ነው የምታገኙት።

በዘርም ያው ነው። ኩብሳም ዲገሉም በዘመናቸው ጥሩ መልስ ነበሩ፤ ጥፋታቸው ሁሉም ቦታ መዘራታቸው ነው። ጂኖሚክስ አሸናፊውን ቶሎ ስለሚያሳይ ወደዚያው ስሕተት ቶሎ ሊወስደንም ይችላል። ወይም በተቃራኒው፣ ለመቄት አንድ፣ ለአዴት ሌላ፣ ለአቃቂ ሌላ እንድንመርጥ ያስችለናል። ማሽኑ ሁለቱንም ይሠራል። የሚለየው የጠየቅነው ጥያቄ ነው።

የቤት ሥራ

1. ሁለት የጤፍ ቅዳጆች «አገተሰ» እና «ተሰአገ» ይላሉ። የመጀመሪያው መጨረሻ ከሁለተኛው መጀመሪያ ጋር በሁለት ፊደል ይደራረባል። ሙሉውን ጽፋችሁ አምጡ። ከዚያ ያገኛችሁትን «ተሰገአ» ከሚል ሦስተኛ ቅዳጅ ጋር አነጻጽሩና ምን ችግር እንደተፈጠረ በሁለት መስመር ግለጹ።

2. ከላይ በሰጠኋችሁ የቁመት ምሳሌ፣ ገ ጤፉን እንደሚያሳጥር ለማረጋገጥ ምን ዓይነት ጤፍ ከየት ትጨምሩ ነበር? ለምን?

3. ቅዳሜ ሾላ ገበያ ሂዱ። ጤፍ የሚመርጡ አንዲት እናት ወይም አንድ አባት በትሕትና ጠይቁ፤ «እንዴት ለዩት?» በሉ። የሚሏችሁን ቃል በቃል ጻፉ፤ ወደ ሳይንስ ቋንቋ አትቀይሩት። ሰኞ ሰሌዳው ላይ ጽፈነው፣ ከእያንዳንዱ መልስ አጠገብ ሊለካ የሚችል ነገር እንፈልግለታለን። የማይለካም ይኖራል፤ እሱን አታጥፉት።